ከሁለቱ ረጅሟ

ዋካሬ ዛሬም በሕይወት አለች፤ ስለዚህ ስሟን እንደ ልቤ እጠራለሁ። ባሏን ግን አልጠራውም፣ እሱ ሄዷል። እኛ ኑሙኑዎች፣ ሌላው ሕዝብ ኮማንቺ የሚለን ማለቴ ነው፣ የሞተን ሰው በስሙ አንጠራም። ከተጠራ ይሰማል፤ ከሰማ ዞር ይላል፤ ዞር ያለ ሟች ደግሞ መንገዱ ይጠፋበታል። ሰውን ወድደው ሲያበቁ ከመንገዱ ማስቀረት ምን የሚሉት ፍቅር ነው? ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ዋካሬ ማለት ኤሊ ማለት ነው። ስሙን ያወጣችላት አክስቷ ናት፤ ሰፈር ሲነሣ፣ ሰው ሁሉ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ሲያበቃ፣ እሷ ገና የጠፋ ቡችላዋን ስትፈልግ ትገኝ ነበርና። ዝግተኛ ትሁን እንጂ ባለሙያ ናት። ሥጋ ስትዘለዝል አይታችኋታል? ሙዳው እጇ ከገባ ቢላዋዋ ሳይነሣ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሥጋው ይተረተርና እንደ ሻሽ ሰፍቶ እንጨቱ ላይ ይሰቀላል። ፀሐይ ከወዲያ ስትመታው ብርሃኑን ከወዲህ ታያላችሁ። እኔ ስንት ጊዜ ሞክሬ ጣቴን ነው የዘለዘልኩት።

የተወለደችው በላይኛው ሜዳ ነው፣ ዛፍ ለምልክት እንኳ በማይገኝበት፣ ሰማይና ሣር ብቻ ባለበት አገር። በልጅነቷ የጎሽ መንጋ ሲያልፍ መሬቱ ከጎኗ ሥር እየተንቀጠቀጠ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ኋላ ቆዳውን ብቻ የሚፈልጉ ነጮች መጡ፤ ሥጋው ሜዳ ላይ ሸተተ፣ ጎሹም አለቀ። በዚያው ሰሞን ወታደሮች ድንኳኖቻችንን አቃጠሉ፣ ፈረሶቻችንን ረሸኑ። ፈረስ ላይ ያደገ ሕዝብ በእግሩ እየተጎተተ ፎርት ሲል ከሚባለው ምሽግ ገብቶ እጁን ሰጠ። ወንዶቹን ጣራ በሌለው የድንጋይ ግንብ ውስጥ ዘጉባቸው፤ ጥሬ ሥጋ በግድግዳው አናት ይወረውሩላቸው ነበር። ዋካሬ ከኤሲፑይ ጋር የተገናኘችው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም አዲስ ሙሽሮች ናቸው፣ የሁለቱም ባሎች ግንቡ ውስጥ ናቸው። ግድግዳውን ተደግፈው አንዲት ብርድ ልብስ ለሁለት ተከናንበው ከረሙ፤ ከዚያ ወዲህ ድንኳናቸውን ጎን ለጎን እንጂ አራርቀው ተክለው አያውቁም።

የዚያን ጊዜውን ኑሯችንን ሳስበው ሳቅም ልቅሶም እኩል ይመጣብኛል። መንግሥት ቀለብ ሰጠን። ዱቄት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ስላልነበረ ዱቄቱን ለንፋስ ሰጥተን ጆንያውን ለበስነው። ጨው የበላው የአሳማ ሥጋ ሰጡን፤ ለውሾቹ ጣልነው፣ ውሾቹም አሽትተውት ዞር አሉ። ለዋካሬ ባል የእንጨት ቤት ሠሩለት። ሰውየው ገብቶ ግራ ቀኙን አየና "ደህና ነው" አለ፤ ከዚያ ኮርቻውንና ዶሮዎቹን አስገባበት። እነሱ ደጃፉ ላይ ድንኳናቸውን ተክለው ኖሩ። የመንግሥቱ ሹም መጥቶ "ምነው ቤቱ ውስጥ አትገቡም?" ሲል ዋካሬ "ዶሮዎቹ ለምደውታል፣ ማስወጣት ነውር ነው" አለችው።

የሥጋ ቀን የሚባል ነበረ። ወይፈኖቹን ከበረት አንድ በአንድ ይለቋቸዋል፣ ወንዶቹ በፈረስ እያባረሩ በቀስት ይጥሏቸዋል። ለአንዲት ጥዋት ጎሽ አለ ብለን እንታለል ነበር። ዋካሬ የወደቀው ወይፈን አጠገብ ተንበርክካ ስትዘለዝል፣ በየመሐሉ ቀና እያለች ወደ ምዕራብ፣ ወደ ላይኛው ሜዳ ታያለች። "ምን ታያለሽ?" ስላት "ምንም። ሥጋው አይሸትም እኮ፣ የጎሽ ሽታ የለውም" አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ሁለቱም ሴቶች በአንድ ዓመት ሴት ሴት ልጅ ወለዱ። የልጆቹን ስም ለጊዜው ተዉት። የዋካሬ ልጅ ረጅም ናት፣ የኤሲፑይ ልጅ አጭር። አጭር ስላችሁ ደግሞ ጉቶ ነበር የምንላት! ለዋካሬ ልጅ አባቷ አንዲት ቡራቡሬ ባዝራ ሰጥቷት ስለነበር ሁለቱ ልጆች ቀኑን ሙሉ በእሷ ላይ ናቸው። ረጅሟ ዘላ ትወጣለች፤ አጭሯ መሬት ላይ ሆና እጇን ትዘረጋለች፣ ረጅሟ ከላይ ትጎትታታለች። አንዳንዴ ጎትታ ጎትታ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ሆን ብላ ትለቃታለች።

"እማዬ፣ እይልኝ!" ትላለች ጉቶዋ አቧራዋን እያራገፈች።

"ቁመት ጨምሪ!" ይላታል የሰፈሩ ሰው ሁሉ።

"ጠብቁ! አንድ ቀን ያለ ማንም ነው የምወጣው!"

ከዕለታት አንድ ቀን ሹሙ ልጆች ትምህርት ቤት ካልገቡ ቀለብ ይቆማል አለ። ትምህርት ቤቱ እዚህ አይደለም፣ በባቡር ስንት ቀን ተሂዶ ነው። ዋካሬ ልጇን ዶሮዎቹ ቤት ደበቀቻት። ቀለቡ ቆመ። ሰፈሩ ሁሉ ሲራብ፣ ባሏ አንድ ጥዋት ዶሮዎቹ ቤት ገባና ልጁን እጇን ይዞ አወጣት። አልተጣሉም። ምን ብለው ይጣላሉ? ዋካሬ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጸጉሯን ለሁለት ከፈለች፣ መክፈያውን ቀይ ቀለም ቀባቻት፣ የጆሮዋን ውስጥም ቀይ አደረገችላት፣ ለታላቅ ጭፈራ እንደምትሄድ ሴት። ኤሲፑይም የእሷን ልጅ እንዲሁ አደረገች። ሁለቱ ልጆች ሠረገላው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ። ጉቶዋ አለቀሰች፤ ረጅሟ አላለቀሰችም፣ ግን እናቷን እያየች ዓይኗን አልሰበረችም፣ ሠረገላው ወንዙን እስኪሻገር።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ልጆቹ ወረቀት ጽፈው እንደሆነም በየት እንደቀረ እንጃ። ዋካሬ ግን በየማለዳው ከድንኳኗ ደጅ ቆማ ወደ ምሥራቅ የልጇን ስም ትጠራ ነበር፣ ጮክ ብላ፣ ረዘም አድርጋ። "ይሰማታል፣ ታውቃለች" ትለን ነበር። እኛም ለመድነው፣ በእሷ ጥሪ ነበር የምንነቃው።

ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ በመከር፣ በሥጋ ቀን፣ አስተርጓሚው ቴኳ መጣ። ቴኳ ሆዳም ሰው ነው፤ ጉበት ሲቆረጥ ሳይቀምስ አያልፍም። ያን ቀን ኤሲፑይ ብትሰጠው እጁን አልዘረጋም።

"ምነው ቴኳ፣ ታመሃል?"

"እናንተ ሁለታችሁ፣ ወዲህ ኑ እስቲ" አለ። መሬት መሬቱን ያያል። "ከትምህርት ቤቱ ወሬ መጥቷል። ሳል ገብቶ ነበር አሉ። ከሁለቱ አንዷ ሄዳለች።"

ሁለቱ ሴቶች ደም የነካ ቢላዋቸውን እንደያዙ ቆሙ። የማን እንደሆነች በምን አፍ ይጠየቃል? ስም ከጠሩ፣ የጠሯት ሞታ ከሆነ መንገዷን ማበላሸት ነው። በሕይወት ካለች ደግሞ በሞት ወሬ መሐል ስሟን ማንሣት ሞትን መጥራት ነው። ሌላ ሕዝብ ቢሆን ይህን ጊዜ በአንድ ቃል ይለይለት ነበር።

"የሹሙ ጸሐፊ እዚያ ያወጡላትን ስም ነገረኝ፤ የነጭ ስም ነው፣ ግን የሟች ስም ነውና አልጠራውም" አለ ቴኳ። "ብጠራውም አታውቁትም። የትኛዋ ናት ብዬ ጠየቅሁት። በበጋ እዚያ ሄዶ ልጆቹን በዓይኑ አይቷቸዋል። 'ከሁለቱ ረጅሟ' አለኝ።"

"ረጅሟ?" አለች ዋካሬ።

"ረጅሟ።"

ኤሲፑይ ትንፋሿ ወጣ። ያን ትንፋሽ ዋካሬ ሰማችው፣ እኔም ሰማሁት። አልፈርድባትም፤ ማን እናት አትተነፍስም? ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፣ ዋካሬ እግር ሥር ወድቃ ከእሷ በላይ ጮኸች።

ዋካሬ እንደ ወጉ አለቀሰች። ጸጉሯን እስከ ጆሮዋ ሸለተች፣ ክንዷንና ባቷን በቢላዋ ተለተለች። የልጅቱን ልብስ፣ አሻንጉሊቷን፣ የተኛችበትን ቆዳ አቃጠለች። ቡራቡሬዋን ባዝራ ባሏ ወደ ኮረብታው ወሰዳት። ልጅ ወደ ሙታን አገር በእግሯ እንዳትሄድ ነዋ! እዚያ ርቃ የሞተች ልጅ፣ ያን ሁሉ መንገድ ምን ልትሆን ነው? የተኩሱን ድምፅ ስንሰማ ዋካሬ "ሂጂ፣ ድረሽባት" አለች ለባዝራዋ።

የልጅቱ ስም የተራ ነገር ስም ነበር፣ በየሜዳው የሚታይ ነገር። እና እኛም ያንን ነገር በሌላ ቃል መጥራት ጀመርን። ሕፃን ልጅ ረስቶ በድሮው ስም ሲጠራው አፉን በጥፊ ይባላል። ስሙ ከሰፈራችን ወጣ። ዋካሬ ግን ያ ስም ከአፏ አልወጣላትም። ማለዳ ማለዳ ከደጇ ትቆማለች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ አፏን ትከፍታለች፣ ከዚያ በብርድ ልብሷ ጫፍ ትሸፍነዋለች። አንድ ቀን ወንዝ ወርደን ውኃ ስንቀዳ "ሆዴ ሞታለች አይለኝም" አለችኝ።

"የእናት ሆድ መቼ እሺ ይላል" አልኳት።

"አንዴ ብጠራት ብዬ እመኛለሁ። አንዴ ብቻ። ረሃብ እንኳ እንዲህ አላደረገኝም።"

"ተይ፣ ሆድ ይፍጀው" አልኳት። ምን ልበላት!

ባሏ በዓመቱ ሞተ፤ በሐዘን ነው የሞተው፣ ሌላ በሽታ አልነበረበትም። ዋካሬ ጸጉሯ ገና ሳያድግ ደግማ ሸለተችው። ኤሲፑይ አልተለየቻትም፤ ውኃ ትቀዳላታለች፣ እንጨት ትለቅምላታለች። ግን በመሐላቸው አንድ ነገር ገባ። ኤሲፑይ ስለ ራሷ ልጅ በዋካሬ ፊት አታነሣም። ታፍራለች። ዋካሬም ጎረቤቷ የምትጠብቀው ሰው እንዳላት ባየች ቁጥር ትቀናለች፤ ቀናሁ ብላ ደግሞ ራሷን ትጠላለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

ከዚያ በጸደይ፣ የቀረችው ልጅ ትመጣለች ተባለ። ኤሲፑይ ደስታዋን የት ትደብቀው? ሥራዋን ደበቀችው። ለልጇ ጫማ መስፋት ጀምራ ነበር፣ ለስላሳ ቆዳ፣ ሰማያዊ ዶቃ ያለው። ዋካሬ አንድ ቀን ሳይታሰብ ድንኳኑን ገልጣ ገባች፤ ኤሲፑይ ጫማውን ቀሚሷ ሥር ወሸቀችው።

"አውጪው" አለች ዋካሬ።

"ምኑን?"

"ጎረቤትሽ ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም። አውጪው።" ተቀበለችና አገላብጣ አየችው። "ይኼ የሕፃን ነው እኮ! ልጅ ያድጋል፣ አንቺ ሞኝ። እንደ ሄደች የምትቀር መሰለሽ? ሰፋ አድርጊው።"

ይህን ያለችው ራሷ ዋካሬ ናት! ዋካሬ ብላለች፣ ኤሲፑይ ሰምታለች፣ እኔም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሦስት ሴቶች ነን፣ አንዳችን እንኳ ከዚያች ቃል አንድ እርምጃ አላለፍንም። ሁለቱ ተቀምጠው ጫማውን ፈትተው ሰፋ አድርገው ሰፉት። ዶቃውን የደረደረችው ዋካሬ ናት፣ እንባዋ እየወረደ።

ልጆቹ በመጡበት ቀን ኤሲፑይ ሙሽራ መሰለች። ጸጉሯን ከፍላ ቀይ ቀባች፣ ለልጇ ያሳደገችውን ዳማ ግልገል ፈረስ ይዛ ወደ ምሽጉ ሄደች። ዋካሬ ብርድ ልብሷን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከኋላ ከኋላ ሄደች። "አንቺ ቅሪ፣ አይጠቅምሽም" አልኳት።

"እሷ ለኔ በወደቀችልኝ ቀን እኔ ለደስታዋ ልቅር?" አለችና ሄደች። ግን ራቅ ብላ፣ ከበረቱ አጥር አጠገብ ቆመች።

ሠረገላው መጣ። ሌሎች ልጆችም ነበሩበት፣ እናቶች እየተሯሯጡ የየራሳቸውን ወሰዱ። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ወረደች። ግራጫ ቀሚስ፣ ጥቁር ጠንካራ ጫማ፣ ባርኔጣ። መካከለኛ ቁመት ያላት፣ ቀጭን። ኤሲፑይ የፈረሱን ልጓም ለቀቀችና ሮጣ ጥምጥም አለችባት። ሳመቻት፣ አሸተተቻት፣ ባርኔጣዋን ጣለችላት፣ "መጣሽልኝ! መጣሽልኝ!" እያለች ወዲያ ወዲህ አወዛወዘቻት።

ልጅቱ አልገፋቻትም። እሷም አቀፈቻትና አለቀሰች፣ አብዝታ አለቀሰች። ግን በትከሻዋ ላይ አሻግራ ዓይኗ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። ቋንቋችን አፏ ላይ ሻክሮ ነበርና ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ "አክስቴ፣ እናቴስ የት ናት?" አለች።

ኤሲፑይ እጇ ሳይወርድ ቀረ። የልጅቱን ፊት በሁለት መዳፏ ያዘችና አየችው፣ ዓይኗን፣ አገጯን፣ ደግማ ዓይኗን።

"እዚያ ረዘመች" አለች ልጅቱ እያነባች። "ከሁላችንም በላይ ረዘመች። ሌሊት ሌሊት 'ጉቶ ያሉኝ ሁሉ ይዩኝ' ትለኝ ነበር።"

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ዋካሬ ግን ሩቅ ናት፣ አልሰማችም። ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራለች፣ የሌላውን ደስታ ላለማየት። ከኤሲፑይ በቀር ያን ጊዜ ለመናገር መብት ያለው ሰው አልነበረም። ዝም ብትል፣ ለአንዲት አፍታ እንኳ ያቀፈቻትን ልጅ ይዛ ብትቆይ፣ ማን ይፈርድባታል? አልቆየችም። ልጅቱን በትከሻዋ ይዛ አዞረቻትና፣ ደረቷን ነፍታ፣ ወደ ሁለት ዓመት ማንም ያልጠራውን ስም በምሽጉ አደባባይ ላይ ጮኸችው።

"ዋካሬ! ዙሪ! ሁጹ መጣች! ልጅሽ ሁጹ መጥታለች!"

ሁጹ ማለት ወፍ ማለት ነው። ወደ ሁለት ዓመት ወፎችን ባለ ክንፎች ስንል ከርመናል።

ዋካሬ መጀመሪያ ጆሮዋን ያዘች፣ የሟች ስም ተጠራ ብላ ደንግጣ። ከዚያ ዞረች። ልጅቱ በዚያ በጠንካራ ጫማዋ እየተደናቀፈች ስትሮጥ አየቻት። ብርድ ልብሱ ከራሷ ወደቀ። ኤሊዋ ዋካሬ፣ ሮጣ የማታውቀዋ ዋካሬ፣ ሮጠች። ስሙ ከአፏ ሲወጣ እንደ ጩኸትም እንደ ሳቅም ነበር፤ ሁጹ፣ ሁጹ፣ ሁጹዬ፣ ሌላ ቃል ጠፋት። ልጅቱ የእናቷን የተሸለተ ጸጉር በእጇ እየዳሰሰች "ማን ሞቶብሽ ነው?" አለቻት።

ያን ጊዜ ነው ዋካሬ የገባት። ቀና ብላ ኤሲፑይን ፈለገቻት። ኤሲፑይ አቧራው ላይ ተቀምጣለች፣ ቢላዋዋን አውጥታ ቀይ የተቀባውን ጸጉሯን መሸልት ጀምራለች። ዋካሬ ልጇን እንደያዘች ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች። ቢላዋውን ከእጇ ወሰደችና፣ በዚያ ሥጋ ሲዘለዝል በማይሳሳት እጇ፣ የቀረውን ጸጉር እሷ ሸለተችላት። ከዚያ የራሷን፣ ገና ጆሮዋን ያለፈውን፣ ደግማ ቆረጠች። ብዙ ሰዓት አለቀስን። የምንጠራው ስም አልነበረንም፣ እኔም አሁን አልነግራችሁም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የኤሲፑይ ወንድም መጣ። ዳማውን ግልገል አየና ጠብመንጃውን ይዞ "ልውሰደው? ልጅሽ በእግሯ ነው ያለችው" አላት በለሆሳስ።

ኤሲፑይ ግልገሉን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ልጓሙን አንሥታ ለሁጹ አስጨበጠቻት።

"ተወው" አለች። "የኔዋ በእግሯ አልሄደችም። ቡራቡሬዋ ባዝራ ደርሳላታለች፣ የምታውቃት ባዝራ ናት። ቁመቷም ረዝሟል፤ ማንም ሳይጎትታት ትወጣለች።"